ሰሊጥ የዋጠችው ቀይ መኪና

ዛሬ ጠዋት የልጄን መኪና ገደልኋት። በጥይት ቢሆን እንኳ ወግ ነበረው፤ የገደልኋት በውኃ ነው። ልጄ በባጃጅ ወደ ሥራው ሲሄድ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ትቷት ነበር። የእኔ እጅ ደግሞ ሥራ ሲፈታ እንደ ሕፃን እጅ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይነካል። ከጎረቤታችን መኪና አጣቢ ያንን እንደ እባብ የሚያፏጭ የግፊት ውኃ ተዋስሁና ራዲያተሯ ላይ ከፊት ለፊት ደቅኜ ለቀቅሁት። ስስ የብረት ቅጠሎቿ ነፋስ እንደመታው የጤፍ ማሳ ተጋደሙ።

ልጄ ለምሳ ሲመለስ አየና ራሱን ያዘ።

«አባዬ፣ ማን ንኩ አለዎት?»

«ማንም። እኔ መቼ ተፈቅዶልኝ ነክቼ አውቃለሁ?»

«ራዲያተር እኮ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚታጠበው!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ይህን የሚነግረኝ ለእኔ ነው፤ በራዲያተር ምክንያት ለታሰርሁ ሰው! ሰው በፖለቲካ ይታሰራል፣ በሰው ሚስት ይታሰራል። እኔ ግን በዚያ ሁሉ የደርግ ዘመን አንዴ ብታሰር፣ የታሰርሁት ራዲያተር ጠርገሃል ተብዬ ነው። ለልጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተ ብትስቁ አላይም።

ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርሁ። ዛሬ ራሴን የሚያይ ሰው ባያምነኝም ፀጉሬ አፍሮ ነበር፤ በበር ስገባ ጎንበስ የምለው ለቁመቴ ሳይሆን ለእሱ ነው። ዛሬ ገንዳ ውኃ የምትባለውን ከተማ ሸኸዲ እንላት ነበርና፣ ከሸኸዲ ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት እርሻ ትራክተር እነዳለሁ። ትራክተሯ የመሬት አዋጁ እስኪመጣ ድረስ የእትዬ አልጣሽ ነበረች። መሬቱም የእሳቸው ነበር። እትዬ አልጣሽ ማለት ሰሊጥ ዘርተው ሰሊጥ የሸጡ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ እርሻውን ብቻቸውን ያንቀሳቀሱ፣ ከሱዳን ነጋዴ ጋር በዐረብኛ የሚከራከሩ፣ ከጎንደር ባለሥልጣን ጋር በዝምታ የሚከራከሩ ሴት ናቸው። በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ባዶ እጃቸውን ግን ቁልፍ ጨብጠው ነው።

ቁልፉ የቀይዋ መኪና ነው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከአስመራ ያመጡላቸው፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አህያ ከአጠገቧ ብትቆም አህያዋ ረጅም የምትመስል የጣልያን ሥራ። ለአስፋልት የተሠራች፣ ለእሽቅድምድም የታሰበች መኪና ናት። እትዬ አልጣሽ ግን በአጨዳ ጊዜ በሰሊጥ ማሳ መካከል ይነዷት ነበር። እንደ ዶሮ አፏን መሬት አስጠግታ ስለምትሄድ ያገኘችውን ሁሉ ትለቅማለች። ለቅማ ለቅማ በመጨረሻ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ከቤታቸው ተነሥታ ገበያው ጋ ሳትደርስ ትፈላለች። እንፋሎቷ ሲወጣ የሸኸዲ ሰው «የእትዬ አልጣሽ ሻይ ደረሰ» ይላል።

ይህን ወሬ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘለቀም ሰምቷል። አንድ ቀን በኅዳር፣ ከሥራ ወጥቼ በግቢያቸው ሳልፍ፣ ኮፍያውን ደፍቶ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት።

«እትዬ አልጣሽ» ይላል፣ «የማትሠራ መኪና የሕዝብ ሀብት ናት። ሞተሯን አውጥተን ወንዝ ዳር ብንተክለው ውኃ ይስባል።»

«አትሠራም ያለህ ማነው?»

«አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከበርዎ ገበያ አትደርስም።»

«ገበያ ምን አለኝ? የምሸጠውን ወስዳችሁታል።»

ጓድ ዘለቀ ክፉ ሰው አልነበረም ለማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ክፋቱ ግን ሥርዓት ነበረው። ቅዳሜ ከጎንደር የመኪና መርማሪ መተማ ዮሐንስ እንደሚመጣ ነገራቸው። መኪናዋ በራሷ ጎማ እዚያ ደርሳ ቦሎ ከተለጠፈላት የእሳቸው ናት። መንገድ ላይ ከቆመች ግን፣ የቀበሌው ጭነት መኪና ገመድ ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ ጎትቶ ይመልሳታል፤ ሞተሯም ይወጣል።

«ማፊ ሙሽኪላ» አሉ እትዬ አልጣሽ። ችግር የለም ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡ ዐረብኛ ይቀድማቸዋል።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ማሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ። የመንግሥት እጅ የግል መኪና አይነካም። ስነግርህ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ ጓድ። ግን እጄ የእናቴ ነው፤ እሷን አስፈቅዳለሁ።»

እንዲህ ማለቴን አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ያኔ ግን አፌ ከሐሳቤ ይቀድም ነበር። ደግሞም ነገሩ አንገብግቦኝ ነበር። በየቀኑ የሰው ትራክተር ላይ ተቀምጬ በሰው መሬት ላይ ስመላለስ፣ ባለቤቷ በአጥር አሻግረው ያዩኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገሩኝም። «ዘይቷን አትርሳ» ብቻ ነው የሚሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእርሻ ስወጣ በቀጥታ ወደ ግቢያቸው ሆነ። የኒም ዛፍ ጥላ ሥር መኪናዋን አቁመን ኮፈኗን ከፈትን። እኔ የትራክተር ሰው ነኝ፤ ሁሉም ነገር ትራክተር ይመስለኛል። ባልዲ ውኃ እያመጣሁ ከፊት ለፊት ደፋሁባት፤ አሁንም አሁንም ደፋሁባት። ፊቷ ጸድቶ አበራ። በኩራት ገበያ ድረስ ነዳናት። ከበርበሬ ሻጮቹ ፊት ስትደርስ ፈላች።

«ማሩ!» አለች አንዷ፣ «ስኳር ላምጣ?»

በማግስቱ የእርሻ ብልሃታችንን አመጣሁ። እኛ ትራክተር አፍ ላይ እርጥብ ጆንያ እንወጥራለን፤ ገለባውን ይይዛል፣ ነፋሱን ያቀዘቅዛል። ለትራክተር ይሆናል። ለዚያች አጭር ግን አፍና አፍንጫዋን በነጠላ እንደ መሸፈን ሆነባት። ገበያው ቀርቶ ከአጥሩ ሳትወጣ ፈላች። ይባስ ብሎ የጆንያው ቃጫ እየተበጠሰ ገባባት። እትዬ አልጣሽ ጆንያውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ «ትራክተሬንም እንዲህ ነው የያዝሃት?» አሉኝ። ከጓድ ዘለቀ ማስፈራሪያ ይልቅ ይህቺ ገባችብኝ።

ቅዳሜ ተቃርቧል። በንዴት ብሎን መፍታት ጀመርሁ። የምፈታው ምን እንደሆነ አውቄ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። አንድ ነገር ፈትቼ ወደ ፊት ስስበው ከኋላው ሌላ ራዲያተር ብቅ አለ። ለካ ሁለት ናቸው! የፊተኛው ለተሳፋሪው ብርድ የሚሰጥ ነው፣ ከሞተ የቆየ። የኋለኛው የሞተሩ ነው። እኔ ስንት ባልዲ ያፈሰስሁት የሞተውን ፊት ሳጥብ ኖሯል። በሁለቱ መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር፤ ነበር የምለው አሁን ጣት ስለማያስገባ ነው። ፀሐይ ከሞተሩ በኩል እያበራች አንዲት የብርሃን ነጥብ እንኳ አላሳለፈም። ግድግዳ ነው። ሰሊጥ ዘይት አለው፤ ገለባው ከአቧራና ከእኔ ውኃ ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ተመርጓል። ቤት የሠራሁባት እኔ ነኝ።

እትዬ አልጣሽ ጎንበስ ብለው አዩ። አንዱን ጉራጅ ቆንጥረው በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱት። ከዚያ ሳቁ። መሬታቸው ከተወሰደ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

«ይኼማ መኪና አይደለም፣ ሂላ ነው!» ሂላ ማለት ታጭዶ እንዲደርቅ በየማሳው የሚቆመው የሰሊጥ ክምር ነው። «ሰሊጤን ሁሉ ወሰዱ ስል፣ ለካ እሷ ደብቃልኛለች። አንተ፣ ሰሊጥ በውኃ ሲጠራ የት አየህ? ሰሊጥ የሚጠራው በነፋስ ነው!»

ነፋስ ግን አልነበረም። የኅዳር ከሰዓት በቆላ ታውቁት እንደሆነ፣ ቅጠል እንኳ መወዛወዝ ይታክተዋል። ሄደው ከባለእጁ ጎረቤታቸው ወናፍ ተዋሱ፤ ብረት ሲያግል እሳት የሚያራግብበትን የቆዳ ወናፍ። እሳቸው ከሞተሩ በኩል ተቀምጠው ወናፉን ያናፋሉ፣ እኔ ከፊት ሆኜ በመፋቂያ እንጨት ቅርፊቱን እፈለቅቃለሁ፤ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ገለባውን በፊቴ ላይ ያዘራዋል። አፌ፣ ጆሮዬ፣ አፍሮዬ፣ ሁሉም አውድማ ሆነ። የአንበጣ ክንፍ ወጣ፣ የግሪሳ ወፍ ላባ ወጣ፣ የሣር እሾህ ወጣ። መጨረሻ ላይ ከጥጥና ከቀይ ጨርቅ ብጥስጣሽ የተሠራ የአይጥ ቤት ወጣ። ቀዩ ጨርቅ ባለፈው በዓል ቀበሌው ጠፋብኝ ብሎ ሰው ሲመረምርበት የነበረው የሰልፍ ባንዲራ ነው። እትዬ አልጣሽ ጉዝጓዙን ወስደው ምድጃቸው ውስጥ ጨመሩት። «አይጧም ብትሆን ድርሻዋን ነው የወሰደች» አሉ።

የተጣመሙትን ቅጠሎች ለማቃናት የሚሆን መሣሪያ አጣሁ። የእንጨት ሚዶአቸውን ከራሳቸው ነቅለው ሰጡኝ። ሙሽራ እንደማበጥር አበጠርኋት፣ ቀስ እያልሁ፣ ከላይ ወደ ታች። ከዚያ በኋላ ነው ውኃ የነካት፤ እሱም ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በጣሳ፣ ቀስ ተብሎ። መጀመሪያ የወረደው ውኃ የሰሊጥ ቅባት አዝሎ እንደ አምባዛ ዓሣ ወጥ ወፍራም ነበር፤ በኋላ እየጠራ መጣ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ብርሃኗ በራዲያተሩ አልፎ መሬቱ ላይ ወንፊት ጣለ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ያንን ወንፊት አየነው። ማታ በማሽላ እንጀራ የቀረበልኝ የወይካ ወጥ፣ ያ የደረቀ ባሚያ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ተነሣን። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ በጎን ባለው ብቸኛ ወንበር። የቀበሌው ጭነት መኪና ከኋላችን ነው፤ ጓድ ዘለቀ ጋቢናው ውስጥ፣ ገመዱ ጭኑ ላይ። ገበያውን ስናልፍ በርበሬ ሻጮቹ ተነሡ። አልፈላችም! አንዷ እልል አለችና ጭነት መኪናውን ስታይ አፏን ያዘች። የሙቀት መርፌዋ ከመሐል ሳትነቃነቅ የኮኪትን መንደር አለፍን። እትዬ አልጣሽ ፍጥነት ሲጨምሩ አቧራው ሁሉ ጓድ ዘለቀ ላይ ሄደ። «ይጠጣ» አሉ፤ «ልማት ይወዳል።»

ከኮኪት ወዲያ አንድ ነገር ጧ አለ። ራዲያተሩ አይደለም፤ በንጽሕናው እምላለሁ። ያረጀች የጎማ ቱቦ ናት የፈነዳችው። ውኃችን ሁሉ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ቱቦዋን በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠፍሬ አሰርኋት፤ የምንሞላው ግን ጠብታ የለም። ጭነት መኪናው ደርሶ ቆመ።

«ገመድ ላምጣ?» አለ ጓድ ዘለቀ ከመስኮት።

«ገመድህን ለፍየልህ» አሉት እትዬ አልጣሽ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት።

«ውኃ የላችሁም። ወንዙ ሩቅ ነው። እዚህ ስትቆሙ ልውል ነው?»

ያን ጊዜ ከሰሊጥ ማሳው አንድ ሰው ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። ከደጋ ለአጨዳ ወርደው ከሚሠሩት፣ እኛ ሳሉግ ከምንላቸው አንዱ ነው። አነጋገሩ ጎጃም ነው፣ ስሙ አስረስ። መኪናዋን ዙሪያዋን ዞሮ አየ።

«እንዴት ያለች ናት እናንተ! ጠማት?»

«ጠማት» አልሁት።

ሄዶ ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። ፀሐዩ ገና አናት ላይ አልደረሰም፤ ያ ውኃ እስከ ማታ የሚያቆየው ነው። ጓድ ዘለቀ ወረደና ጮኸበት። «አንተ! ለማን እንደምትሰጥ ታውቃለህ? የአድኃሪ መኪና ናት!»

አስረስ ጀሪካኑን ከፈተ። «ጓድ፣ ውኃውም የኔ፣ ጥማቱም የኔ። እርስዎን ምን አገባዎት?»

በሕይወቴ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ በዚያ ዘመን ንግግር እንደ ሆነ አልጎደለብንም። እንደዚህ ያለ ግን አልሰማሁም። ጓድ ዘለቀ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

ውኃው ገብቶ ሲያልቅ አስረስ፣ «ዋጋ አለው» አለ። እትዬ አልጣሽ እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሲሰዱ ተቆጣ። «እንደሱ አይደለም እሜቴ። እዚያ ማሳው መጨረሻ ጓደኞቼ አሉ፣ ሲያሾፉብኝ የሚውሉ። በፊታቸው አንድ ጊዜ ማለፍ ነው የምፈልገው፤ እንዲህ ክርኔን በመስኮት አውጥቼ።»

ወንበሩ ግን አንድ ነው፣ እሱም ተይዟል፤ ቦሎው ደግሞ አይጠብቅም። «ስንመለስ ቦታዬን እለቅልሃለሁ» አልሁት። «ክርንህን አውጥተህ ታልፋለህ፤ እኔ በእግሬ እከተላለሁ።»

«እጠብቃለሁ» አለ።

መተማ ዮሐንስ ስንገባ መርፌዋ አሁንም መሐል ላይ ነበረች። መርማሪው የሰለቸው ሰው ነበር። መብራት አስበራ፣ ፍሬን አስያዘ፣ ክላክስ አስነፋ፣ «ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?» ብሎ ቦሎውን ለጠፈ። በቃ። ያን ሁሉ የተንገበገብንበት ነገር በምራቅ ተለጠፈ።

እትዬ አልጣሽ ግን አላበቁም። እኔን አስወርደው ብቻቸውን ሞተር አስነሡና በቀጥታ ወደ ድንበሩ ድልድይ ነዱ። ከድልድዩ ወዲያ ገላባት ነው፣ ሱዳን ነው። በዚያ ዘመን የሄደ ሰው ብዙ ነው። ወታደሮቹ ጠመንጃ አነሡ፣ ጓድ ዘለቀ እየጮኸ ሮጠ፤ እኔም ሮጥሁ፣ ምን ላደርግ እንደሆነ ሳላውቅ። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ መሪውን ጠምዝዘው፣ አቧራ አስነሥተው፣ ተመልሰው መጡና ጓድ ዘለቀ እግር ሥር አቆሙ።

«ምንድነው ይኼ ሁሉ ጩኸት? ማዞሪያ ቦታ ፈልጌ ነው።»

«ሊ... ሊያመልጡ መስሎን!»

«ከማን? መሬቴ ወዲህ ነው ያለው። ወሰዳችሁት እንጂ አልነቀላችሁትም።»

ሰው ሰማ። ቡና ጫኙም፣ ጀለቢያ ለባሹም፣ ወታደሩም ሰማ። አንድ ሰው መቀጣት ነበረበት፤ እሳቸውን መንካት ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልሆነም። ቅጣቱ ለእኔ ተረፈ። የመንግሥት እጅ የግል መኪና ነክቷል ተብሎ እዚያው መተማ ዮሐንስ ባለው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ውስጥ ተቆለፈብኝ። ክፍሉ ቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ትኋኑም ቢሆን በሰሊጥ የወፈረ ነው።

እትዬ አልጣሽ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። መኪናዋን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አቁመው ስብሰባ በተጀመረ ቁጥር ክላክስ ይነፋሉ። «ሕጋዊ መኪና ናት» ይላሉ ሲጠየቁ፤ «ቦሎ አላት፤ ክላክሷም ተመርምሮ ያለፈ ነው።» ቀናት አለፉ። በመጨረሻ አንዱ የቀበሌው ሰው መጥቶ በሩን ከፈተልኝና፣ «ውጣ፣ ራሳችንን አሞናል» አለኝ። ከትራክተር ወርጄ የመጋዘን ዘበኛ ሆንሁ። እጄ ግን የእናቴ እንደ ሆነ ቀረ።

ስንመለስ የአስረስ ማሳ ጋ ቆምን። ታጭዶ አልቋል፤ ሂላው እንኳ ተጭኖ ሄዷል። ሠራተኞቹ ወደ ቋራ ተሻገሩ አለን አንዱ፤ ሌላው አይ፣ ወደ አገራቸው ወጡ አለ። ክላክስ ነፋን። ከማሳው ግሪሳ ብቻ ተነሣ። ቦታዬን ለቅቄ መንገዱ ዳር ጥቂት ቆምሁ፤ ሞኝነት ነው፣ ግን ቃል ቃል ነው። እትዬ አልጣሽም አልቸኮሉብኝም።

እሳቸው ያቺን መኪና ዐይናቸው እስኪደክም ነዷት፤ ማንም አልወሰደባቸውም። ያን ጊዜ መሬታቸውን የወሰዱት ሰዎች ዛሬ የሉም፣ ወንበራቸውም የለም። እንዲህ ሳስብ፣ ከዚያ ዘመን ጋር ሁሉ የተጣላሁት በአንድ ራዲያተር ነው፤ ሌሎች በትልቅ ነገር ተጣሉ። እኔ ትንሽ ሰው ነኝ፤ እምቢታዬም በልኬ ነው። ግን አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን አትንካ ያሉኝን እነካለሁ።

የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኅዳር ሲገባ ከደጋ ሠራተኛ የጫኑ መኪኖች በዚህ መንገድ ወደ ቆላ ይወርዳሉ፤ እኔም መንገድ ዳር ወጥቼ ሽማግሌ ሽማግሌውን አያለሁ። ቢኖር በዕድሜ ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። አስረስ፣ እኔ ጋ የመስኮት ዳር ወንበር አለህ። ክርንህን አውጥተህ በፊታቸው አንድ ጊዜ ማለፍ ብቻ ነው የቀረህ፤ እኔ በእግሬ እከተላለሁ።